ከመጋረጃው በፊት ሮቶው

ለገና ላሊበላ የወጣ እንግዳ ሌሊቱን በብርድ ቆሞ አድሮ፣ አቧራ ለብሶ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ሻወሩን ሲከፍት ቧንቧው አየር ተንፍሶ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ አልጋው ቢነጠፍ፣ ቡናው ቢፈላ ምን ዋጋ አለው? «አልጋ ከነቁርሱ» ብላችሁ አነስተኛ ማረፊያ የምትከፍቱ ሁሉ፣ ቴሌቪዥንና መጋረጃ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን አስሉ።

ስድስት ክፍል ሁለት ሁለት ሰው ቢይዝ 12 እንግዳ ነው። በደቂቃ 8 ሊትር በሚያወርድ ሻወር 7 ደቂቃ የታጠበ ሰው 56 ሊትር ይጨርሳል፤ ለ12ቱ 672 ሊትር። ሽንት ቤቱ በአንድ ጊዜ 6 ሊትር ቢለቅና እያንዳንዱ አራት ጊዜ ቢገባ 288። አንሶላና የወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያው ሲታከል በቀን ወደ 1,200 ሊትር ይጠጋል። ውሃ በፈረቃ፣ በአራት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሁለተኛው ቀን ሳይመሽ ይነጥፋል። የሚያስፈልገው 5,000 ሊትር ነው። ይህ ሲሞላ 5 ቶን ስለሚመዝን መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ፓምፕ ወደ ላይኛው ትንሽ ሮቶ ይግፋው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማልና ላይኛው ማታውኑ ሞልቶ ይደር።

ቦይለሩም እንደዚሁ ነው። ባለ 1.5 ኪሎዋት ኤለመንት፣ ማለትም ውሃ ማሞቂያው ብረት፣ 50 ሊትሩን ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ያም ሆኖ ለሁለት ሰው አይተርፍም። ሮቶው ባዶ ሲሆን ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ የተበላሸ ከሆነ የቦይለሩ ውሃ ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ ኤለመንቱ በደረቁ ይቃጠላል። ወቀሳው ግን ለቦይለሩ ነው የሚተርፈው።

ስለ ቁርሱ ደግሞ፦ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል፤ ትልቁ ገበያ የሚመጣው በጾም ነው ማለት ነው። ጾመኛ ለቁርስ ከፍሎ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አይበላም። ይህ በደል ነው፤ ወይ ዋጋው ይቀነስለት ወይ ከሰዓት በኋላ ሽሮ ወይም ፉል ይቅረብለት። ጨጨብሳው በዘይት ቢሠራም ትናንት እንቁላል የተጠበሰበት መጥበሻ ላይ ከሆነ አይነካውም፤ መጥበሻው ይለይ። በ2,500 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላው ማታ ይነከር፤ አለዚያ ቶሎ አይበስልም።

ውሃ የሌለ ቀን ደግሞ እንግዳው ከመክፈሉ በፊት ይነገረው፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከነጣሳው ይቀመጥለት።