ቃሊቲ ላይ የተነሣ የበረሃ ፎቶ

ፎቶግራፉ ስልኬ ላይ የደረሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። የባለቤቴ የአጎት ልጅ አንድ እግሩን በላንድ ክሩዘሩ ፓራውልት ላይ ሰቅሎ፣ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ደፍቶ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ ሩቅ ያያል። ከሥሩ «ሰላም ከአፋር በረሃ! አደኑ ተጀምሯል» የሚል ጽፎበታል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ እኔ በዚያው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መኪናውም ቃሊቲ ካለ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ውስጥ ነበር። በዚያ ሰዓት ከአፋር በረሃ ጋር የሚያገናኘን ነገር ቢኖር ከጅቡቲ ነዳጅ ጭኖ መጥቶ ከጎናችን የቆመው አቧራ የለበሰ ቦቴ ብቻ ነው። ልጁ አሻግሮ የሚያየው ደግሞ፣ ፎቶውን በስልኩ ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ፣ የጎሚስታውን ማስታወቂያ ነበር።

«ሳንደርስ ደርሰናል ብለህ ለምን ትጽፋለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እዚያ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል እኮ» አለኝ። ይበልጥ ያናደደኝ መልሱ ስሜት የሚሰጥ መሆኑ ነው።

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የሚለውን ተረት እጅግ እወደዋለሁ። የዘመኑ ሰው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ይዞ ወሬኛን ይገሥጽበታል፤ ለእኔ ግን ውበቱ ያለው በመጀመሪያው ግማሽ ነው። ጎፈሬ ለጌጥ የሚያሳድጉት ጠጉር ብቻ አልነበረም፤ ደረሰኝ ነበር። አንበሳ ወይም ዝሆን የጣለ ሰው ጠጉሩን ያጎፍራል፣ ጆሮውን ተበስቶ ጉትቻ ያንጠለጥላል፣ ወግ ሲደርሰውም የአንበሳ ጎፈር ይደፋል። ዝሆን ገደልኩ ያለ እንደሆነ ጭራው የታለ ይባላል። ፉከራ ከዘመቻ በፊትም ነበረ የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ከዘመቻ በፊት የሚፎክር ሰው እገድላለሁ ብሎ ነው እንጂ ገድዬ ተመለስኩ ብሎ አይደለም። ያን ዘመን ለማሞገስም አይደለም ይህን የምለው። ደረሰኙ በዝቶ ዝሆኑ አለቀ።

ቋንቋችንም በዚህ ጉዳይ ተንኮለኛ ነው። «አዳኝ» ተብሎ ሲጻፍ ገዳዩም መድኃኒቱም አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት «ዳ» ሲጠብቅና ሲላላ ብቻ ነው። «ልጁ ከርከሮ ያድናል» ብዬ ብጽፍ ከርከሮውን በጥይት ሊመታው ይሁን ከጥይት ሊያስጥለው ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። በኋላ እንደታየው ልጁ በሚላላው በኩል የተዋጣለት አዳኝ ሆኖ ተገኝቷል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የጉዞው ቀን የተቆረጠው ለኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ሥጋው ለቅበላ ይደርሳል ተባለ። ልብ በሉ፣ «ሥጋው» ተባለ፤ እንስሳው ገና አፋር ውስጥ ሣር እየነጨ ነው። በባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቤት ሦስት ምሽት ለዝግጅት ተሰበሰብን፤ ከሦስቱም ሁለቱ ያለቁት በቅርጫ ድልድል ነው። የዕድራችን ዳኛ ታፋውን አስቀድመው ያዙ። ጎረቤታችን እትዬ «እኔ ጥርስ የለኝም፣ ከለስላሳው ይሁንልኝ» ብለው መልእክት ላኩ። ቆዳው ለማን ይገባል በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ተኮራርፈው ወጡ። ዋናው ጠብ ግን የቀንዱ ነበር። ሁሉም በልቡ የሚያየው ሳላን ነው፤ ያ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተኳለ፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የቆመ የአዋሽ ሜዳ ጌታ። የባለቤቴ ወንድም ቀንዱን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት፣ የአጎቷ ልጅ ደግሞ ቨርጂንያ ሊወስደው ተፎካከሩ። እንስሳው ሁለት ቀንድ ስላለው አንዳንድ ይድረሳችሁ የሚል ሐሳብ ባቀርብ ሁለቱም ነውር እንደተናገረ ሰው አዩኝ።

በሀገራችን አደን እንዲህ በሳሎን የሚታደል ነገር አይደለም። ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይወጣል፤ አደኑ የሚካሄደው ለዚሁ በተከለለ ቀበሌ፣ በኮታ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አዳኝና ስካውት የሚባለው የዱር እንስሳት ጠባቂ ባሉበት ነው። ክፍያው እንደ እንስሳው ይለያያል፤ የእንስሳው ዓይነትና ቁጥርም ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። ይህን ሁሉ እንግዳችን ከቨርጂንያ ሆኖ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ጨርሶት ነበር። ወረቀቱም በፖስታ ታሽጎ መኪናው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። ከስምንታችን አንዳችን እንኳ ፖስታውን ከፍተን አላየንም፤ በድልድሉ ተጠምደን ነበራ።

ልብሱንም ከዚያው ይዞ ነው የመጣው። ከኮፍያው እስከ ጫማው ድረስ የኦክ ዛፍ ቅጠል የታተመበት፣ አረንጓዴውና ቡናማው የተዋሐደ፣ በአሜሪካ ደን ውስጥ ሚዳቋ እንኳ የማትለየው የአዳኝ ልብስ። ቅጠል የሚባል ነገር በጠፋበት በረሃ ግን ይህን የለበሰ ሰው ከሦስት ኪሎ ሜትር ይታያል። ባለቤቴ በበኩሏ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ድርቆሽ ሰነቀችልን፤ በዚያ ላይ ሁለት ኪሎ ቋንጣ ጨመረች። ወደ አደን ቋንጣ ይዞ መሄድ ወደ ጠጅ ቤት ጠላ በኮዳ ይዞ እንደ መግባት ነው ብዬ ተከራከርኩ። «የእናንተን አደን እናያለን፤ እስከዚያው ይህን ያዝ» አለችኝ።

ሥጋው በምን ይመጣል የሚለው ጥያቄ የተነሣው በሁለተኛው ምሽት ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «የእናንተ አይስ ቦክስ አለ አይደለም እንዴ?» አሉ። አዎን፣ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት እሳቸው ራሳቸው ላንጋኖ ሊሄዱ ተውሰውት፣ ሲመለስ በክዳኑ ቦታ የተቀደደ ካርቶን ተደፍቶበት የመጣው አይስ ቦክስ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ክዳኑን አልጠየቅኋቸውም። የሚስት ታላቅ ወንድም ክዳን አይጠየቁም። በእኛ ዘንድ የሚያፍረው ያዋሰ ነው፤ የተዋሰማ ምን ያሳፍረዋል? ባለቤቱ የገዛ ዕቃውን «እባክዎ» ብሎ ቢጠይቅ ስስታም ይባላል፣ ተዋሹ ግን በሰው ዕቃ ቤቱን ሞልቶ ቸር ጋባዥ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በዚያው ምሽት ቡና ሲፈላ በረንዳው ላይ ሰማያዊ ነገር ዓይኔን ያዘኝ። የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል። ጠርዙ ላይ የመጀመሪያ ልጄ ፊደል በቆጠረበት ዓመት በምስማር የጫረው «መ» አለበት፤ ተጣሞ «ሠ» ሊሆን የቃጣው ያ «መ»፣ እሱው ነው። ውኃ ከማሰሮው እየተንጠባጠበ ፊደሉን አረንጓዴ አብቅሎበታል። ምንም አላልኩም፤ ሦስተኛውን ቡና ጠጥቼ ወጣሁ።

ሌሊት 10 ሰዓት ልንነሣ ተቀጣጥረን 1 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣታችንን አልዘረዝርም፤ ይህ ለአንባቢ ዜና አይሆንም። የአዳማው የፍጥነት መንገድ እስኪያልቅ ቅጠል ለባሹ እንቅልፉን ለጠጠ። ከወለንጪቲ በኋላ ሙቀቱ በመስኮት ይገባ ጀመር። መተሐራ ስንደርስ በሰቃ ሐይቅ መንገዱን ግራና ቀኝ ተንተርሶ ተኝቷል፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ሲገፋ የኖረ ሐይቅ ነው። ፈንታሌ ተራራም በ2017 ዓ.ም. አካባቢውን ሲያንቀጠቅጥ ከርሞ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጸጥ ብሎ ቆሟል።

ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ኬላ አለ። ፖሊሱ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየን፤ ዓይኑ ቅጠሉ ላይ ቀረ።

«ይህ የየትኛው ሠራዊት ልብስ ነው?»

«የአደን ነው፣ የዛፍ ቅጠል ነው» አለ እንግዳችን፤ እጅጌውንም ዘርግቶ አንዱን ቅጠል በጣቱ አሳየው።

ፖሊሱ ቅጠሉን በጥሞና ተመለከተና «እዚህ እንዲህ ያለ ዛፍ የለም። አውልቀው» አለው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ስለ ዘመድና ስለ እንግዳ ክብር ረዘም ያለ ንግግር ቢያደርጉም አልሆነም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ገበያ ገብተን ሽርጥ ገዛንለት። ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ለአገሩ አየር የሚስማማ ልብስ የለበሰ እሱ ብቻ ሆነ።

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል፣ ሌላው በገዋኔ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። እኛ የያዝነው የኋለኛውን ነው። የአዋሽ ወንዝም ወደዚያው ይወርዳል፤ ያን ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ዋናውን አስፋልት ከለቀቅን በኋላ በፕሮሶፒስ እሾህ ሁለት ጎማ ተነፈሰብን። የግጦሹን መሬት የወረረው ይህ ዛፍ ለአፋር አርብቶ አደር ትልቅ መከራ ነው፤ የእኛ ሁለት ጎማ ከዚያ ጋር ተወዳድሮ ኀዘን ሊባል አይችልም፤ ቢሆንም በ40 ዲግሪ ክሪክ የገፋሁት እኔ ነኝ።

ባለሙያው አዳኝ ጠመንጃውን ይዞ ካምፑ ውስጥ ይጠብቀን ነበር። ስካውቱ ፖስታውን ከፈተ፤ መነጽሩን አደረገ፤ እስክሪብቶውን ከጆሮው ሥር አወረደ፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ከርከሮ። ወንድ። አንድ።»

ማንም አልተነፈሰም። የዕድሩ ዳኛ ታፋ፣ የእትዬ ለስላሳ ሥጋ፣ ሰው ያኳረፈው ቆዳ፣ ቅበላው ሁሉ ከርከሮ ላይ ቆሞ ቀረ። ከርከሮ ደግሞ ለእኛም ለክርስቲያኖቹ፣ ለአስተናጋጆቻችን ለአፋሮቹም አይበላም። «ክራንቻው ግድግዳ ላይ ያምራል ብዬ ነው» አለ ልጁ ሽርጡን እያጠበቀ፤ «ደግሞ ዋጋውም ደህና ነበር።» የባለቤቴ ታላቅ ወንድም እስከ እራት ድረስ ቃል አልወጣቸውም። እራት የቋንጣ ፍርፍር ነበር።

ሁለት ቀን ተመላለስን። ሳላዎቹ ፈቃድ እንደሌለን የተነገራቸው ይመስል ተሰልፈው፣ ሳይቸኩሉ፣ ከፊታችን አለፉ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ከርከሮ አገኘን፤ በፊት እግሮቿ ተንበርክካ ሣር ትነጫለች፤ ጉልበቷ ላይ ያለው ቆዳ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ጠጥሯል። ሦስት ግልገሎች ከኋላዋ ተንጫጩ። ልጁ አነጣጠረ፤ አፈሙዙ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ስካውቱ እጁን በቀስታ ጠመንጃው ላይ አሳርፎ «እናት ናት» አለው። ልጁም ወዲያው አወረደው፤ እፎይ ያለም መሰለኝ። አራቱም ጭራቸውን እንደ ሬዲዮ አንቴና ቀጥ አድርገው ሮጡ። ወንዱ ከርከሮ እስክንመለስ ድረስ አልመጣም።

በመመለሻችን መተሐራ ላይ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ዝምታቸውን ሰብረው ሁለት ፍየል ገዙ። እዚያው ታረደ፤ ተበለተ፤ አይስ ቦክሱ ውስጥ ገባ። ክዳን ስለሌለው የቅጠሉን ጃኬት ደፋንበት። አዲስ አበባ ሲደርስ ሥጋው «የሜዳ ፍየል» ተብሎ ታደለ፤ ውሸቱ የአንድ ቃል ብቻ ስለሆነ ማንንም ብዙ አላስጨነቀም። እትዬ «የበረሃ ሥጋ እንዲህ ይለሰልሳል እንዴ!» ብለው መረቁን።

ፎቶውን በተመለከተ ልናገረው የጀመርኩት ነገር ነበር። ልብሱ ኬላው ላይ ስለወለቀ፣ ቃሊቲ ላይ ባይነሣው ኖሮ ጨርሶ አይነሣውም ነበር፤ ይህንንም ልጁ ቨርጂንያ ከገባ በኋላ ደውሎ አስታውሶኛል፤ ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም። አይስ ቦክሱን ደግሞ ሥጋውን ሲያከፋፍሉ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቤታቸው አስቀርተውታል። አሁን ሳጥኑም ክዳኑም እሳቸው ዘንድ ናቸው።