የሰነድ ማስመዝገቢያ ክፍያና የድሆች ቤት

ባለፈው ሰሞን በሲያትል፣ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ለቡና በቆዩ ሰዎች መካከል ክርክር ተነሥቶ ነበር። መነሻው የአንድ ሾፌር የቤት ብድር ነው። ሰውየው ብድሩን ሪፋይናንስ ሊያደርግ፣ ማለትም በአዲስ ብድር ሊተካው አስቦ የወጪውን ዝርዝር ሲመለከት፣ አንዱን የብድር ዋስትና ሰነድ በካውንቲው ለማስመዝገብ ብቻ 304 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንደሚጠየቅ አየ። «አንድ ወረቀት ለመመዝገብ ይህን ያህል ለምን?» ሲል ጠየቀ።

ቤት በማሻሻጥ የሚተዳደረው ወዳጁ ገንዘቡ በአብዛኛው ለመዝጋቢው ቢሮ እንዳልሆነ አስረዳው። ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2002 በሚመዘገቡ ሰነዶች ላይ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች መኖሪያ የሚውል 10 ዶላር ጨመረ፤ በ2005 ቤት አልባዎችን ለመርዳት ሌላ 10 ዶላር ተከተለ፤ ጭማሪው እየተደራረበ ሄዶም በ2021 በአንድ ጊዜ 100 ዶላር ታከለበት። በ2023 እነዚህ ተጠቃለው የ183 ዶላር ክፍያ ሆኑ። ከጥር 2024 ጀምሮ ደግሞ፣ ቀድሞ በዘራቸው ምክንያት ቤት እንዳይገዙ ለተከለከሉ ቤተሰቦች ተወላጆች የቤት መግዣ ድጋፍ የሚሆን ሌላ 100 ዶላር ተጨመረ። ለምዝገባውና ለሌሎች ጥቃቅን ጉዳዮች የሚቀረው እንግዲህ 21 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው።

ሾፌሩ በዚህ አልተጽናናም። «ድሃ አይረዳ አላልኩም፤ ነገር ግን መሀል ከተማ ላይ ፎቅ የሚገዛ ኩባንያ ለአንድ ሰነድ የሚከፍለው እኔ ከምከፍለው ጋር እኩል ነው። የመጨረሻው መቶ ዶላርማ ለእኛ ጭራሽ አይደርሰንም» አለ። እውነቱን ነው፤ ድጋፉን ለማግኘት ራስ፣ ወላጅ፣ አያት ወይም ቅድመ አያት ከሚያዝያ 1968 በፊት በዋሽንግተን የኖረ መሆን አለበት፤ የእኛ ሰው በብዛት የመጣው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ነው።

መልስ የሰጠችው በቤት አልባዎች መርጃ ድርጅት የምትሠራ ሴት ናት። «ወንድሜ፣ በ1964 የሲያትል መራጭ በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የሚደረገውን መድልዎ የሚከለክለውን ሕግ በድምፁ ጣለው። የከተማው ምክር ቤት ያጸደቀው በ1968 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የታገሉት ጥቁሮቹ የአገሩ ሰዎች ናቸው። እኔና አንተ በፈለግነው ሰፈር ቤት ለመፈለግ የቻልነው እነርሱ ስለታገሉ ነው፤ ስለዚህ ይህን መቶ ዶላር አልቆጭበትም» አለችው። ሾፌሩ ለዚህ የሚመልሰው አላገኘም።

እርሷን የሚያሳስባት ሌላ ነበር። በ2021 የሠላሳ ዓመት ብድር ወለድ ከ3 በመቶ በታች በነበረበት ጊዜ ሁሉም ብድሩን ሲያድስ የሰነዱ ገቢም አብሮ ተትረፈረፈ፤ በ2023 ወለዱ ከ7 በመቶ ሲያልፍ ግን የሚሸጠውም የሚታደሰውም አነሰና ገቢው ወደቀ። የስቴቱ ምክር ቤት ጉድለቱን ከሌላ በጀት መሙላት ግድ ሆነበት። «ወለድ ሲወጣ ቤት ሊገዛ የነበረው ሰው በኪራይ ላይ ይቆያል፤ ኪራይ ይወደዳል፤ እኛ ዘንድ የሚመጣው ይበዛል። ገንዘቡ የሚጎድለው በዚያው ሰዓት ነው» ስትል አስረዳች።

በዕድሜ የገፉት አባት «እንዲያ ከሆነ ክፍያው ቀርቶ ከጠቅላላው በጀት ይሰጥ» አሉ። ቤት አሻሻጩ ግን «ጋሼ፣ ከጠቅላላው በጀት የሚሰጥ ገንዘብ በየስብሰባው ይቆረጣል፤ ይህ ቢያንስ በሕግ ስሙ ተጠርቶ የተቀመጠ ነው» በማለት ተቃወማቸው።

እኔ ክፍያው እንዲቀር አልፈልግም፤ የቤት አሻሻጩም ሥጋት ተገቢ ነው። ሆኖም ከወለድ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ገቢ በየወሩ መድረስ ያለበትን የኪራይ እርዳታና የመጠለያ ሠራተኛ ደመወዝ እንዲሸከም መደረጉ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ዘንድሮ ገንዘብ ያጣ የቤት ግንባታ ለከርሞ ሊጀመር ይችላል፤ የዚህ ወር ኪራይ ያልተከፈለላት እናት ግን ከነልጆቿ ከቤቷ የምትወጣው አሁን ነው። ስለዚህ ይህ ገንዘብ በዋነኛነት ለግንባታ ይዋል፣ በደጉ ዓመት የሚተርፈውም በሕግ የታሰረ መጠባበቂያ ይሁን፤ ወርኃዊው እርዳታ ደግሞ ይበልጥ የረጋ ገቢ ይፈለግለት።

የሾፌሩን ቅሬታ እንደ ስስት የሚቆጥሩ ይኖሩ ይሆናል፤ እኔ ግን አልቆጥረውም። ስቴቱ ከ2020 ጀምሮ በቤትና በሕንፃ ሽያጭ ላይ የሚጥለውን ግብር እንደ ዋጋው መጠን ከ1.1 እስከ 3 በመቶ ከፋፍሎታል። በሽያጭ ላይ የሚቻለው ነገር በብድር ሰነድ ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም፤ በብድሩ መጠን ደረጃ ቢወጣለት ሾፌሩ ይቀልለታል፣ ፎቁን የሚገዛውም የሚገባውን ይከፍላል። የስቴቱ ምክር ቤት በየዓመቱ ጥር ላይ በስቴቱ ዋና ከተማ በኦሊምፒያ ሲሰበሰብ ለየወረዳችን ተወካዮች ይህንኑ ጽፈን ብንልክ፣ በተለይ ቤት ያለን ሰዎች ብንጽፈው፣ ይደመጣል ብዬ አስባለሁ።