ኤርዤን ቻይናዊ አስተማረው፣ ኮንጎዊስ?

የቲንቲን፣ የዛ የካርቱን መጽሐፍ ጀግና፣ ነገር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሁሌ እዛው ነው፣ ቤልጂየማዊው ሰዓሊው ኤርዤ ዘረኛ ነበር ወይስ አልነበረም። አንዱ "ቲንቲን በኮንጎ" የሚለውን መጽሐፍ ያወጣና በቃ ያውላችሁ ይላል፣ ሌላው ደሞ ዘመኑ እንደዛ ነበር እሱ ምን ያርግ ይላል። እኔ ይቺ የዘመኑ ነው የምትለዋ ሰበብ አትዋጥልኝም፣ ምክንያቱም ሰውየው ራሱ ብዙም ሳይቆይ አፍርሷታል።

ዦርዥ ረሚ (ኤርዤ የብዕር ስሙ ነው) በ1907 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ተወለደ፣ ቲንቲንን በጥር 1929 ለአንድ የካቶሊክ ጋዜጣ የልጆች እትም መሳል ጀመረ። አለቃው ኖርበር ዋሌዝ ቄስ ነው፣ ግን ሙሶሊኒ የፈረመበትን ፎቶ ቢሮው ያስቀመጠ ቄስ! ለኛ አገር አንባቢ ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ኤርዤ ቲንቲንን አሜሪካ ሊልከው ፈልጎ ነበር፣ ዋሌዝ ግን የለም መጀመሪያ ኮንጎ አለው፣ የቤልጂየም ልጆች ቅኝ ግዛታቸውን እንዲወዱ። ኤርዤ ኮንጎን ረግጧት አያውቅም፣ ከሙዚየምና ከሚሲዮናውያን ወሬ ለቃቅሞ ነው የሳለው፣ ውጤቱም ያው የምታውቁት ነው፣ ከንፈራቸው የተነፋ ሰነፍ ጥቁሮች በመጨረሻ ለቲንቲንና ለውሻው ሀውልት ሲሰግዱ።

የኮንጎው ታሪክ በ1931 አለቀ። በ1934 ቲንቲንን ቻይና ሊልከው ሲል የቻይና ተማሪዎችን የሚንከባከብ ጎሴ የሚባል ቄስ እባክህ ተጠንቅቀህ ሳል፣ እነዚህ ልጆች ያነቡታል ብሎ ጻፈለትና ከዣንግ ቾንግረን ጋር አገናኘው። ዣንግ ብራስልስ ቅርጻቅርጽ የሚማር እኩያው ነው፣ ሁለቱም የ1907 ልጆች። ቁጭ አድርጎ አስረዳው፣ ግድግዳ ላይ ያሉትን የቻይንኛ ጽሁፎች ራሱ ጻፈለት፣ ብዙዎቹ ደሞ ጃፓንን የሚቃወሙ መፈክሮች ናቸው። የቻይናው መጽሐፍ "ሰማያዊው ሎተስ" ጃፓን በ1931 የባቡር ሀዲድ ፍንዳታን ሰበብ አድርጋ ማንቹሪያን እንዴት እንደያዘች በግልጽ ያሳያል፣ ጃፓኖቹ ተቆጥተው አቤቱታ እስከማቅረብ ደርሰዋል። ደስ የሚለኝ ግን የታሪኩ ሁለት ቂል መርማሪዎች የቻይና ልብስ ነው ብለው የድሮ ካባ ለብሰው ሲወጡ ከተማው በሙሉ እየሳቀ ሲከተላቸው ነው፣ ቀልዱ ዞሮ ፈረንጆቹ ላይ አረፈ ማለት ነው።

ሰውየው አንዴ ከተማረ በኋላ ግን ጻድቅ አልሆነም። ጀርመኖች ቤልጂየምን ሲይዙ በነሱ ቁጥጥር ስር ይወጣ ለነበረው "ለ ሷር" ጋዜጣ ሰራ፣ "ተወርዋሪው ኮከብ" በሚለው የቲንቲን ታሪክ ላይ ብሉመንስታይን የሚባል ክፉ አይሁዳዊ ባንከር ሳለ (ስሙን በኋላ ቀየረው)፣ ነጻነት ሲመጣም ታሰረ፣ ሳይፈረድበት ተለቀቀ።

የሚያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። የኮንጎውን መጽሐፍ በ1946 በቀለም አድርጎ እንደገና ሰራው፣ እድል ነበረው። ቲንቲን ክፍል ገብቶ ስለ አገራችሁ ስለ ቤልጂየም ሲያስተምር የነበረውን አወጣና ሂሳብ አደረገው፣ ፊቶቹ ግን እንዳሉ ቀሩ። በኋላ የስካንዲኔቪያ አሳታሚዎች ቲንቲን አውራሪስን በድናሚት የሚያፈነዳበት ገጽ አልተመቸንም ሲሉት እሺ ብሎ ቀየረው። አውራሪሱ ሰሚ አገኘ እኮ! በኢንተርቪው ላይ የወጣትነት ጥፋቴ ነው ማለቱን አውቃለሁ፣ ግን እንደ ዣንግ ኮንጎዊ ጓደኛ ፈልጎ ቁጭ ብሎ አልሳለውም፣ እስኪሞት እስከ 1983 ድረስ ጊዜ ነበረው።

ጥበቡን የሚክድ የለም፣ ያ ጥላ የሌለው ጥርት ያለ መስመሩ ግማሽ አውሮፓን አስተምሯል፣ "ቲንቲን በቲቤት" ደሞ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል፣ የጠፋ ጓደኛ ፍለጋ ብቻ ነው፣ ጓደኛውም ዣንግ። እውነተኛውን ዣንግን ከብዙ አስርት አመት በኋላ በ1981 ብራስልስ አገኘው።

ብራስልስ ያለ አንድ ኮንጎዊ ኮንጎው መጽሐፍ ይታገድልኝ ብሎ በ2007 ከሶ ነበር፣ ፍርድ ቤቱ በ2012 አልተቀበለውም። እኔም ይታገድ አልልም። ግን ለልጅ ሲሰጥ ከ"ሰማያዊው ሎተስ" ጋር ይሰጥ፣ አሳታሚዎቹም መቅድሙን ለአንድ ኮንጎዊ ጸሐፊ ይስጡት፣ ይሄ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።