እርማት፦ «ለግብር ብሎ ነው የሰጠው» ለሚለው

ወንድሜ፣ እዚህ ሐዋሳ ኮንሰርት የሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት ለሕፃናት በጎ አድራጎት ማኅበር 100,000 ብር ሰጠ ሲባል፣ «ምን ይጎዳዋል? ከግብሩ ይቀነስለታል፤ ከኪሱ አንድ ብር አትወጣም» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን ስህተት ነው።

ስጦታው የሚቀነሰው ከግብሩ ላይ ሳይሆን ግብር ከሚሰላበት ገቢ ላይ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የድርጅት የትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው። ስለዚህ 100,000 ብር ለሰጠ ድርጅት ግብሩ የሚቀንስለት ቢበዛ 30,000 ብር ነው። ቀሪው 70,000 ከራሱ ኪስ ወጣ። ባይሰጥ ኖሮ ያ ብር እጁ ላይ ነበር። ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ገደብ አለው፤ ተቀናሽ የሚሆነው ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ አይበልጥም። ደረሰኝም ያስፈልጋል። በከሰረበት ዓመት ደግሞ ስጦታው የሚቀንስለት የትርፍ ግብር ራሱ የለም።

«ማስታወቂያ ፈልጎ ነው» ብትል ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ላይ መነጋገር እንችላለን።

እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ። ታቦር ተራራ ሥር፣ ሌሊቱን ድምፅ ማጉያ ሲነቅሉ ያደሩት የድርጅቱ ልጆች ጠዋት ከአይሱዙ ላይ ዱቄትና ዘይት ያወርዱ ነበር። እንቅልፍ አላዩም። አንደኛው ላቡን በሸሚዙ እየጠረገ አንዲት ሕፃን ማይክ እንዴት እንደሚያዝ ያሳያት ነበር። ለዚህ ደረሰኝ የቆረጠለት የለም። እባክህ የጻፍከውን አስተካክለው።