ክብር ለባነሩ

የተግባር ትምህርት የት እንደደረሰ ማየት የፈለገ ባለፈው ሳምንት ፋሲል ግቢ መገኘት ነበረበት። እኔ እንግዳ ይዤ ገብቼ ነው ያየሁት። አንድ አውቶብስ ሙሉ የሶሻል ተማሪዎች መጡ፤ ታሪክና ቅርስ የሚማሩ ልጆች ናቸው። ከየት እንደመጡ አልናገርም። ከየትም ቢመጡ ያው ነው፣ እናንተም አይታችኋቸዋል። ከክፍል ወጥተው፣ ቦታው ላይ ቆመው፣ በዓይናቸው አይተው ሊማሩ ነው የመጡት። ቢያንስ ደብዳቤው እንደዛ ይላል።

መጀመሪያ የወረደው ባነሩ ነው።

ተማሪዎቹ ገና ቦርሳቸውን ሲፈልጉ ባነሩ በሁለት ሰው ታቅፎ ወርዷል። ርዝመቱ የአውቶብሱን ጎን ግማሽ ይሆናል። ከላይ ዓርማ አለው፣ ከጎኑ ሌላ ዓርማ፣ ከዛ ሦስተኛ ዓርማ፤ የዚህኛው ባለቤት ማን እንደሆነ አስተባባሪውም የሚያውቁት አልመሰለኝም። ከሥር መሪ ቃል። ከመሪ ቃሉ ሥር ቀን። ቀኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪፕቶ ሌላ ቀን ተጽፎበታል። ለአምናውም ለካቻምናውም ያገለገለ ባነር ነው ማለት ነው። የሕዝብ ገንዘብ እንዲህ ይቆጠባል፣ ተማሩ።

አስጎብኚው ምስኪን ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ «አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ...» ብሎ ከመጀመሩ «ወንድሜ አንዴ፣ ፎቶ እንነሳና ትቀጥላለህ» ተባለ። እሱም ዝም አለ። አፄ ፋሲለደስም እዛው 1628 ላይ ቆመው ቀሩ።

ከዛ ትምህርቱ ተጀመረ። «ረጃጅሞች ከኋላ! ሴቶች ከፊት በርከክ በሉ! አንተ ባለ ቀይ ሹራብ፣ መሪ ቃሉን ሸፍነኸዋል!» ነፋስ መጣና ባነሩ ተገለበጠ። ተስተካከለ። አንድ መምህር ሽንት ቤት ቆይተው መጡ፤ እሳቸው የሌሉበት ፎቶ ሪፖርት ላይ ስለማይገባ እንደገና ተነሱ። ከዛ የሌላኛው መምህር ዓይን ተጨፍኖ ተገኘ። እንደገና። ፀሐይዋ ከፊት ሆነችና ሁሉም ዞሮ ተሰለፈ። እንደገና። በመጨረሻ ሁሉም ነገር ሲሟላ ባነሩ ግንቡን ጥርግ አድርጎ ሸፍኖት ነበር። በአራቱ ማዕዘን ካሉት ክብ ማማዎች የሁለቱ አናት ብቻ ከተማሪዎቹ ጭንቅላት በላይ ብቅ ብሏል። ያን ሰዓት አፄ ፋሲል ራሳቸው በሰገነቱ ብቅ ቢሉ «ጃንሆይ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን፣ ፎቶው ውስጥ ገቡብን» የሚባሉ ይመስለኛል።

ስለ ባነሩ አልጨረስኩም።

ባነሩ ቀጥሎ የሄደው ወደ አፄ ኢያሱ ግንብ ነው። ይህ ግንብ ጣሪያ የለውም። እንደ ፈረንጆቹ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ ኋላ ደግሞ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ አገኘው። የታሪክ ተማሪ ቆሞ «የቱ ጉዳት የመንቀጥቀጡ ነው፣ የቱስ የቦምቡ?» እያለ እስኪመሽ የሚከራከርበት ቦታ ነው። ልጆቹ ግን እዛ የሄዱት ጥላ ስላለው ነው። ባነሩ በጥላ ሲነሳ ፊደሉ ይጎላል። ግቢው የ900 ሜትር አጥር አለው፣ አሥራ ሁለት በሮች አሉት፤ የእኛ ሊቃውንት ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ሁለት ጊዜ አዩት፣ ሲገቡና ሲወጡ።

ሲያልቅ ባነሩ ተጠቀለለ። የብራና ክታብ እንኳ እንደዛ በጥንቃቄ ሲጠቀለል አይቼ አላውቅም። ከዛ ምሳ ቤት ሄደ፣ እዛም ተዘረጋ። ከምሳ በኋላ ቀሃ ዳር ወዳለው የፋሲል መዋኛ ሄደ። ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ስለሆነ ገንዳው ባዶ ነበር፤ ባነሩ ግን ሞላው። ፕላስተሩን ገለጥ ብታደርጉት ከሥሩ የላሊበላ ቀን፣ ከዛ ሥር የባሕር ዳር ቀን ሳይኖር አይቀርም። ሀገሩን ከማናቸውም ተማሪ በላይ ያየው እሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል አይደል? ባነሩን አስፈትኑት። ካለፈ ያስመርቁት፣ ጥቁር ካባ ይለብሳል፣ እናቱ አበባ ይዛ ትመጣለች፣ ፎቶ ሲነሳ ደግሞ ከፊቱ ሌላ ባነር ይያዝለት።

በነገራችን ላይ «ለምን በተግባር አታስተምሩም?» ሲባል «በጀት የለም» የምትለዋን መልስ አውቃታለሁ። እጅግ የተከበረች መልስ ናት። ጎንደር ላይ ስትባል ግን ትንሽ ታፍራለች። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከፋሲል ግቢ በእግር ይደረሳል። ጣሪያው ላይ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች ብዛት ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል፤ አንድ መምህር ሃያ ልጆችን ደብተርና እርሳስ አስይዞ፣ ጋቢ አስነጥፎ፣ በጀርባ አስተኝቶ ማስቆጠር ይችል ነበር። ሃያውም የተለያየ ቁጥር ይዘው ይነሱና የዛን ቀን ምንጭ መመርመር ምን እንደሆነ ይገባቸዋል። በ1880 ዓ.ም. የሱዳኑ ድርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ይህች ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተረፈች ደግሞ አጥሩ ሥር የተቀመጡትን አባት ብትጠይቋቸው የንብ መንጋ ወራሪውን አባረረ የሚለውን ታሪክ ይነግሯችኋል። የአፍ ታሪክ መሰብሰብ እሱ ነው። ዋጋው «አባ፣ እንደምን ዋሉ» ማለት ነው። ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ የሶሲዮሎጂ ተማሪ አንድ ቅዳሜ አብሯቸው ጭቃ ቢያቦካ ስለ ሥራና ስለ ንቀት ከአንድ ሴሚስተር የበለጠ ይሰማል። ግን ጭቃ ልብስ ያበላሻል።

ባዕታ ቤተ ክርስቲያን ያለው የአቋቋም፣ የዜማና የሽብሸባው ትምህርት፣ ተማሪስ? እሱ በጀት አለው? ቁራሽ ለምኖ ነው የሚማረው። መቋሚያና ጸናጽል ሳይዝ፣ ሳይዘም፣ ላብ ሳይወርደው «የኔታ፣ ቲዎሪውን ጨርሻለሁ፣ ያስመስክሩኝ» ቢል የኔታ ምን እንደሚሉት እናንተው ገምቱ። የቅኔው ልጅ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ሳይነግር አያድርም። የጤና ልጆችም ቢሆኑ በቡድን ሆነው ገጠር ወርደው ይሰነብታሉ። በ1947 ዓ.ም. እዚህ ከተማ የጤና ኮሌጅ ያስከፈተው እኮ ደምቢያን የፈጀው ወባ ነው፤ ትምህርቱ ከሕዝቡ ችግር ነው የተነሳው። ድሮ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ግዴታው ነበር፤ አብዛኛው ያስተምር ነበር። እነዚያ ኋላ ቀሮች ባነር አልነበራቸውም።

አሁን ወደ ላቀው ደረጃ እንሂድ፣ ወደ ኢንተርንሺፕ።

የጎረቤቴ ልጅ ሶሲዮሎጂ ነው የምትማረው። አንድ መሥሪያ ቤት ለልምምድ ተመደበች። ስሙን አልጠራም፣ ማንኛውንም ብታስቡ ልክ ናችሁ። በየቀኑ በሁለት ሰዓት ትገባለች። ያገኘችው ወንበር አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ የታጠፈ ወረቀት ተደርጎለታል። ወረቀቱ የሥራ ዝርዝሯ ነው፤ ቀልዴን አይደለም፣ ከዩኒቨርሲቲዋ የመጣው ቅጽ ነው።

«ታዲያ ምን ተማርሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሲነክስ በየት በኩል እንደሚከፈት አውቄያለሁ» አለች።

«ሌላስ?»

«ሻይ ማን በስኳር፣ ማን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ።»

እኔ ይህን አልንቅም። የቡድን መሪው ሻዩን እንዴት እንደሚጠጣ የሚያውቅ ሰው የቢሮውን ሥልጣን አወቃቀር ያውቃል፤ ማስተርስ የሠሩበት ይኖራሉ። ደግሞም መቀመጥ ራሱ ሙያ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ምንም ሳይሠሩ ሥራ የበዛባቸው መምሰልን በአራት ዓመት ንግግር አታስተምሩትም፤ ከባለሙያው ሥር ቁጭ ብሎ ማየት ይጠይቃል። ኃላፊው ደግሞ ትሑት ሰው ናቸው። መገምገሚያ ቅጹን ስትሰጣቸው ሳያዩት መለሱላት። «ራስሽ ሙዪውና አምጪው፣ እኔ እፈርማለሁ» አሏት። ራሷን ገመገመች። አፍራ «ተነሳሽነት» የምትለው ላይ ቀነስ አድርጋ ሞላች። እሳቸው ተቆጥተው ወደ አምስት ከፍ አደረጉላት። በልምምድ ቆይታዋ ካገኘችው መመሪያ ሁሉ ዝርዝር የነበረው እሱ ነው።

ፊርማው ተገኘ፤ ማህተሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቁልፉን የያዙት እትዬ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ስብሰባው ደግሞ ሌላ ከተማ ነው።

እዚህ ላይ ሳቄን ላቁም። አባቷ ጤፍ ሸጠው ነው የሚያስተምሯት። በዓመት ሁለቴ ከገጠር ሲመጡ «ልጄ ሥራ ለመደች ወይ?» ይሉኛል፣ እኔም ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «አዎ፣ እየለመደች ነው» እላለሁ። ነገ ተመርቃ በወጣች ጊዜ ያው አንድ እግሩ አጭር ወንበር ላይ ያስቀመጣት ዓይነት ቢሮ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ብሎ ይለጥፍባታል። ልምዱን ማን ከለከላት? እናንተ! የሰው ልጅ ዕድሜ ወስዳችሁ፣ ሻይ አስቀድታችሁ፣ ምንም ሳታሳዩ «በጣም ጥሩ» ብላችሁ ፈርማችሁ ሸኛችኋት። ከኪስ ብር የመዘዘ ይታሰራል። ይሄ በምን ይለያል? ተማሪውንም አልምረውም። ተመድቦ ከመጣ በኋላ ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ «ምንም አላሠሩኝም» የሚል ሞልቷል። አልጠየቅህማ! ጠርዙ የተበላ ፋይል መደርደሪያ ሙሉ ተቀምጧል፣ አንዷን አንሥተህ «ይቺ ምንድን ናት?» በል። ማንም አይገድልህም።

እሺ፣ ተረጋጋሁ። ወደ ምስጋናው እንመለስ።

የልምምዱ ዘውድ ሪፖርቱ ነው። እዚህ ላይ የሀገራችን ተማሪ ያሳየው የመተባበር መንፈስ ይደነቃል። ሪፖርቱ አንድ ነው፤ ከሲኒየር ወደ ጁኒየር በፍላሽ ይወርዳል። የሽፋን ገጽ ይቀየራል፣ ስም ይቀየራል፣ ምስጋናው ላይ የእናት ስም ይቀየራል፣ ሌላው እንደ ቅርስ ተጠብቆ ይተላለፋል። «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚለው ክፍል በተለይ ዘመን አይሽሬ ነው፦ የበጀት እጥረት፣ የትራንስፖርት ችግር፣ የመብራት መቆራረጥ። የመፍትሔ ሐሳቡም ያው «የሚመለከተው አካል ትኩረት ቢሰጠው» ነው። የሚመለከተው አካል ይህን ሪፖርት አንብቦ ትኩረት ቢሰጥ ኖሮ መብራቱ ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

ባለፈው አንዱ ወጣት እንዳርምለት የራሱን አመጣልኝ። ልምምዱን እዚሁ ጎንደር ነው የወጣው፣ አራዳ አጠገብ፤ በየቀኑ በባጃጅ ሲሄድ አየው ነበር። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ስደርስ «መሥሪያ ቤቱ የሚገኘው በደሴ ከተማ ሲሆን» ይላል። «አንተ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። ደነገጠ። እኔም ስለ ውጤቱ ደነገጥኩለት። ለካ ረቂቁ አይደለም፣ ገብቶ ታርሞ የተመለሰው ነው። ከዳር በቀይ እስክሪፕቶ የአማካሪው አስተያየት አለ፦ «የአካባቢው ገለጻ በጥሩ ሁኔታ የቀረበ ነው።» ከሥሩ 97።