ይድረስ ለክቡር ቀይ ኤክስ

ቁጥር፦ እንደ እርስዎ የለውም
ቀን፦ እንደ እርስዎ የለውም
ጉዳዩ፦ ይፈርሳል ተብሎ እርስዎ የሚቀቡበትን የቤት ግድግዳ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አስፋልቱ ባለቀበት፣ ኮብልስቶኑም ባልደረሰበት የአዲስ አበባ ጠርዝ ያለን ነዋሪዎች፣ ከእርስዎ በቀር የሚያመን ነገር የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ናፍቆትዎ ግን አልጠናብንም። ማታ ባልነበሩበት ግድግዳ ላይ ጠዋት ተጋድመው ስለምናገኝዎ ለመናፈቅ ጊዜ አልሰጡንም።

በቅድሚያ ስለ ኑሮ ውድነት እናንሣ፤ እርስዎን አልነካምና። አንድ ሊትር የዘይት ቀለም 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል። እርስዎ ሁለት ሰረዝ ነዎት፤ አንዱ ሰረዝ ቢበዛ አንድ ሜትር በ7 ሳንቲ፣ የባለ ሦስት ኢንች ብሩሽ ወርድ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 0.14 ካሬ። በአንድ ሊትር 70 ቤት ማለት ነው። ጭቃ ግድግዳ ቀለም ስለሚጠጣ በግማሽ እንቀንሰውና 35 ይሁን። በዚህ ከተማ በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ለ35 አባወራ በአንድ ማለዳ የሚዳረስ ሌላ አገልግሎት ካለ ይነገረን።

ሊያጠፋዎት የሚታገል አልጠፋም። ብሎኬት ላይ ቲነር ይሞከራል፤ ቲነሩ ግን ቀለሙን እያሟሟ ወደ ብሎኬቱ ቀዳዳ ያስገባዋል፣ እርስዎም ከኤክስነት ወደ ሮዝ ደመናነት ይሸጋገራሉ፣ ባለቤቱም ምልክት በማጥፋት ይጠየቃል። ጭቃ ላይ ኖራ ይደረብብዎታል። ሐምሌ ሲገባ ኖራው ታጥቦ ይወርዳል፤ እርስዎ ፊትዎን እንደታጠበ ሰው ፍንትው ብለው ይወጣሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የወረዳችን ምክር ቤት (የትኛው ወረዳ እንደሆነ ይቅር፤ ሁሉም የኛ ነው ይላሉና) መደበኛ ጉባኤውን አድርጎ እርስዎን በአጀንዳ ሦስት ይዞዎት ነበር። አጀንዳ አንድ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ነው። አጀንዳ ሁለት የአፈጻጸም ሪፖርት ነው፤ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ያለው መቶኛ እስከ ምሳ ሰዓት ይነበባል። ከምሳ መልስ ምልዓተ ጉባኤው ይሟላ አይሟላ ይቆጠራል። ስለዚህ አጀንዳ ሦስት የሆነ ነገር ሁሉ በጠገበ ሆድና በግማሽ ወንበር ነው የሚታየው። ይህን አጀንዳ የሚያዘጋጁት ሰዎች ያውቁታል።

አንዲት አባል እጃቸውን አወጡ። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ይህን ኤክስ የቀባው ማነው?»

ደንብ አስከባሪው፦ «እኛ የደረሰንን ዝርዝር ነው ያስፈጸምነው።» መሬት ጽሕፈት ቤት፦ «ዝርዝሩ ቀያሹ ለክቶ ያመጣው ነው።» ቀያሹ፦ «እኔ ፕላኑን ነው መሬት ላይ ያወረድኩት።» ፕላኑስ? ከላይ የወረደ ነው። ከላይ ያለውን ሲጠይቁት ደግሞ አፈጻጸሙ የወረዳው ነው ይላል። እንግዲህ ክቡርነትዎ እንደ መልከ ጼዴቅ ነዎት፤ አባት የለዎትም፣ እናት የለዎትም፣ ለዘመንዎ ጥንት፣ ለሕይወትዎም ፍጻሜ የለውም።

ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት አባል ተነሡ፤ በደጉ ጊዜ ንብረት ክፍል የሠሩ ይመስላሉ። «እኔ ፕላን አላውቅም። ቀለሙ ከመጋዘን የወጣበት ሞዴል 22 ይምጣልኝ። ማን ፈርሞ እንደተረከበ እዚያ ላይ አለ።» አዳራሹ ጸጥ አለ። በጉባኤው ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ ሊኖራት የምትችለው ይህች ብቻ ነበረች። የተሰጣቸው ምላሽ «በጉዳዩ ላይ አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚል ነው። ቃለ ጉባኤው ላይም «በልዩ ትኩረት እንዲታይ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ ሰፈረ። ሞዴል 22 ቃለ ጉባኤው ውስጥ የለችም።

አሁን ሕጉን አብረን እናንብብ፤ እርስዎ ማንበብ ባይችሉም። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሕገ ወጥ ይዞታን ስለማስለቀቅ ሲናገር የ7 የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላል። ማስጠንቀቂያው ለሰውየው በእጁ ይሰጣል፣ ወይም በንብረቱ ላይ ይለጠፋል። ይለጠፋል ነው ያለው። ይቀባል አላለም። የሚለጠፍ ነገር ደግሞ ፊደል ይኖረዋል፦ ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደተጻፈ፣ ቀኑ፣ ሊነሣ የታሰበው የትኛው ክፍል እንደሆነ። እርስዎ ላይ ከእነዚህ አንዱ የለም። ሰባቱ ቀን ከየት ይቆጠር? ቀለሙ ከተቀባበት ነው ወይስ ከደረቀበት? ሰኞ የተለጠፈ ወረቀት መቼ እንደሚያበቃ ቅዳሜና እሑድን ዘሎ መቁጠር ይቻላል። ቀን የሌለው ኤክስ ግን ወይ ዛሬ ያልቃል ወይ ለዘላለም ይኖራል።

ትርጉምዎም አንድ አይደለም። አንዱ ሰፈር «ይፍረስ» ማለት ነዎት። ሌላው ሰፈር «ተቆጥሯል» ነዎት። የመንገድ ሥራ በሚያልፍበት ደግሞ «አጥርህን 1 ሜትር ከ20 ወደ ውስጥ አስገባ» ማለት ሆነው ይገኛሉ። አንድ ሜትሯን የሚያነሣ ሰውና ቤቱን ሙሉ የሚያጣ ሰው አንድ ዓይነት ምልክት ይዘው አንድ ዓይነት ሌሊት ያድራሉ። ቀስት መጨመር እኮ ሦስት ተጨማሪ ሰረዝ ብቻ ነው።

ስለ አቀማመጥዎም አንድ ነገር አለን። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ሰማዩ በጠራ ቀን ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። የጨረቃ ቤት ወርድ 4 ሜትር ነው። መሣሪያው ሳይዋሽ ከጥፋተኛው ቤት ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል ማለት ነው። ከዚህ የባሰም አለ፦ የከተማው ፕላን በአዲንዳን (በአገራችን የካርታ መነሻ) የተሠራ ሆኖ መሣሪያው በደብሊው ጂ ኤስ 84 (በዓለም አቀፉ መነሻ) ላይ እንደተገዛ ከቀረ ልዩነቱ ከ200 ሜትር ያልፋል። 200 ሜትር ወንዝ ለማሻገር ይበቃል። ፈውሱ ቀላል ነው፤ መገኛው አስቀድሞ ተለክቶ የታወቀ የቁጥጥር ነጥብ ላይ ቆሞ የመሣሪያውን ንባብ ከነጥቡ ቁጥር ጋር ማስተያየት፣ ከዚያ በቶታል ስቴሽን፣ ማለትም በባለ ሦስት እግሩ የቀያሽ መለኪያ መለካት። ግማሽ ቀን ይወስዳል። ብሩሽ ግን ግማሽ ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ውድድሩ እኩል አይደለም።

ጥፋት የለም እያልን እንዳይመስልዎ። የጨረቃ ቤት እንዴት እንደሚቆም ከእርስዎ በላይ እናውቃለን፤ እርስዎ ሁሌም ካለቀ በኋላ ነው የሚመጡት። ሰው በአንድ ሌሊት ይቆማል ይላል። ሌሊቷ የመጨረሻዋ ሥራ ናት እንጂ ነገሩ የሚጀምረው ከውሉ ነው። ደላላው ገበሬውንና ገዢውን ያገናኛል፣ ሦስት ምስክር ይፈርማል፣ ቀኑ ወደ ኋላ ይጻፋል። ወዴት ኋላ? ወደ 1987 ነው። ሰነድ አልባ ይዞታ ሕጋዊ የሚሆንበት ድንበር ግንቦት 1988 መሆኑን ደላላ ያልነገረው ገዢ የለም። ወረቀቱ አዲስ እንዳይመስል ሻይ ጠጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

ከዚያ ዓርብ ይጠበቃል። ቢሮ ዓርብ 11 ሰዓት ተኩል ይዘጋል፣ ሰኞ 2 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ መካከሉ 63 ሰዓት ነው። ፋሲካ ወይም እንቁጣጣሽ ከተደረበበት ደግሞ ፎቅም ያስቆማል። ለ4 በ5 ክፍል ቋሚው በየ50 ሳንቲው ሲተከል 36 ባሕር ዛፍ ይፈልጋል። ማገሩና ወራጁ ሌላ ግቢ ተቸንክሮ ያድራል። መዶሻው ጨርቅ ይጠመጠምበታል። ጣሪያው ከነክፈፉ 20 ያህል ቆርቆሮ ነው። ጣሪያው ከለበሰ፣ ምድጃ ከተጎለተና አንድ ሕፃን ከተኛበት ነገሩ ከ«ግንባታ» ወደ «ቤት» ይለወጣል። ዓርብ ማታ እንጨት ሆኖ የተጫነው ሰኞ ጠዋት ቤተሰብ ነው፤ ደንብ አስከባሪም የሰው ልጅ ነውና ምድጃ ላይ መውጣት ይከብደዋል።

የማይዋሸው ጭቃው ነው። ጭድ ገብቶበት ተረግጦ ቀናት ካልቦካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተለቀለቀ ይላጣል። ስለዚህ ግድግዳው ለሳምንታት እርጥብና ጠቆር ያለ ሆኖ ይቆያል፤ ጣቱን የሚያሳርፍበት ሰው ዕድሜውን ይነግረዋል። ውሉ 1987 ይላል፣ ጭቃው ያለፈው ማክሰኞ ይላል። ቆርቆሮውም በፀሐይ እያብረቀረቀ ያሳብቃል፤ ለዚህ ነው ምናለሽ ተራ የዛገው ቆርቆሮ ፈላጊ የማያጣው።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለምን መሰለዎት? ጉድጓዱ ሲቆፈር አንድ ሰው፣ አንድ ወረቀትና አንድ ፊርማ ያስቆመው ነበር። ቋሚው ሲተከል አራት ሰው። ጣሪያው ከለበሰ በኋላ ፖሊስ። ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ዶዘር፣ ሎደር፣ ካሜራና እርስዎ። ቁጥጥሩ በዘገየ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፤ ጭራሽ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ «ቁርጠኝነት» የሚል ስም ያወጡለታል። ለአንድ ፎቅ መኖሪያ የፕላን ስምምነት ለመውሰድ የሚመላለሰው ሕጋዊው ሰው ግን ገና ፋይሉ እየተፈለገለት ነው፤ ቤቱ በ2001 በወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከምድቦቹ ሁሉ ቀላሉ፣ ምድብ «ሀ» ነበር።

ምክር ቤቱ ውስጥ በመጨረሻ ከአፍ የወጣችው ቃል «ይህ የአገር ፖሊሲ ነው፣ ከእኛ ሥልጣን በላይ ነው» የምትል ናት። እውነትም አለባት። አባት የለዎትም አልን እንጂ አያት ቅድመ አያትዎን እናውቃለን። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በ1987 ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ሊዝ በ1986 መጣ፣ በ1994 ተሻሻለ፣ በ2004 ደግሞ ቦታ ወይ በጨረታ ወይ በምደባ ብቻ ሆነ። ለጨረታ ገንዘብ፣ ለምደባ ዘመድ የሌለው፣ በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ ሲጠብቅ ልጁ ያገባበት ሰው ወዴት ይሂድ? ገበሬውም ሒሳብ ያውቃል። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ካሳው የዓመት ገቢው 10 እጥፍ ነበር፤ በ1161/2011 ወደ 15 እጥፍ ከፍ አለ። የ15 ዓመት ጤፍ በአንድ በኩል፣ ደላላው በአንድ ሌሊት የሚቆጥርለት የካሬ ዋጋ በሌላ በኩል። ሳይነሣ በፊት መሸጡ ይገርማል?

ከ1988 በኋላ ለቆመ ቤት ደግሞ ድንበሩን ከሰማይ ነው ያሠመሩት። በ1997 የአየር ፎቶ ላይ የታየ ቤት ለሕጋዊነት ይታያል፤ ያልታየ አይታይም። ጣሪያው ላይ ባሕር ዛፍ ያጠላበት ቤት ከአውሮፕላን ዛፍ ነው። ቤቱም ነበረ፣ ባለቤቱም ነበረ፤ ካርታው ላይ የተመዘገበው ዛፉ ነው።

ከ2016 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ መሃል ከተማ ሹመት ማግኘትዎን ሰምተናል፤ እንኳን ደስ ያለዎ። የመሃሉ ሰው ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ይመጣል። የጠርዙ ሰው ሲነሣ ወዴት እንደሚሄድ አጀንዳ ሦስት ላይ አልተጠቀሰም።

ስለሆነም ክቡርነትዎ ከዛሬ ጀምሮ ከጎንዎ የፋይል ቁጥር፣ ቀን፣ የቀያሹን ስምና «ሙሉ በሙሉ» ወይም «ይህን ያህል ሜትር» የሚል ቃል ይዘው እንዲመጡ በትሕትና እንጠይቃለን። ቦታው ከጠበበዎ ግድግዳውን እናሰፋልዎታለን፤ ፈቃዱ ከተሰጠን።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ እንደ እርስዎ)

ግልባጭ፦
ለመጋዘን ክፍል፣ ሞዴል 22ን ይመለከታል
ለቀያሹ፣ መሣሪያው በአዲንዳን ይሁንልን
ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ መንገድ ገፍቶ በወጣው የአዳራሹ አጥር ላይ ከትናንት ወዲያ ለተቀባው ወንድምዎ እንዲደርስ