መቀስ ይቅደም ወይስ ኮምፒውተር?

የክርክሩ ነጥብ፦ የመማሪያ ካርድ፣ ታጣፊ መጽሐፍና የወረቀት ጨዋታ መንደፍ የሚማር ሰው ከምን ይጀምር? አንዱ ወገን ከወረቀትና ከመቀስ ይላል፤ ሌላው በቀጥታ ከዲዛይን ሶፍትዌር።

የመቀስ ወገን፦ ለተማሪ የሚታተም ነገር በዓይን ታይቶ አያበቃም፤ ይታጠፋል፣ ይቆረጣል፣ ልጅ ይጎትተዋል። ይህን ጠባዩን ስክሪን አያሳይም። ከአንድ ኤ4 ወረቀት የሚወጣውን ባለ8 ገጽ ትንሽ መጽሐፍ እንውሰድ። ወረቀቱ በ8 ይታጠፋል፤ ከዚያ ተዘርግቶ በረጅሙ የመሃል መስመር ላይ መካከለኛዎቹን ክፍሎች ብቻ የሚያልፍ አንድ ቅድ ይቀደዳል፤ በመጨረሻ ከሁለት ጫፉ ሲገፋ መጽሐፍ ይሆናል። አንዱ ገጽ 74 በ105 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ችግሩ አራቱ የላይኛው ረድፍ ገጾች ተዘቅዝቀው መታተም ያለባቸው መሆኑ ነው። ባዶ ወረቀት አጥፎ በእርሳስ ቁጥር የሰጠ ጀማሪ፣ መልሶ ሲዘረጋው ይህን ወዲያው ያየዋል። በኮምፒውተር የጀመረው ግን የሚነቃው አትሞ ካጠፈ በኋላ ነው።

የኮምፒውተር ወገን፦ በእጥፋቱ እስማማለሁ፤ ጀማሪን በብዛት የሚጥለው ግን ልኬት ነው። ለጥሩ ህትመት በኢንች 300 ነጥብ ከተያዘ ኤ4 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። 600 ፒክስል ስፋት ያለው ሥዕል በዚህ ጥራት የሚሸፍነው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ወደ 15 ሲለጠጥ በኢንች ወደ 100 ነጥብ ይወርድና ጠርዙ ይሻክራል። ይህን መቀስ አያስተምርም።

ካርድም እንዲሁ ነው። 63 በ88 ሚሊ ሜትር የሆኑ 9 ካርዶች በኤ4 ላይ በምቾት ያርፋሉ። ለእያንዳንዱ ካርድ ከመቁረጫው መስመር በሁሉም በኩል 3 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ቀለም ሲጨመር ግን ስፋቱ 207 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በግራና በቀኝ የሚቀረው 1.5 ብቻ ነው። አብዛኛው የቢሮ ፕሪንተር እስከዚያ ጠርዝ አያትምም። ስለዚህ ወይ ነጭ ጠርዝ ይተዋል፣ ወይ የካርዱ ቁጥር ይቀነሳል። የጀርባው ህትመት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ሊዛነፍ ስለሚችልም ጀርባ ላይ ቀጭን ክፈፍ አይሣልም።

የመቀስ ወገን፦ ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ግን ቁጥሩን ማን ይፈትሸዋል? «ከገጹ ጋር አስተካክል» የሚለው የህትመት ምርጫ ሳይነሳ ከቀረ 10 ሴንቲ ሜትር ተብሎ የተሣለ ማስመሪያ አጥሮ ይወጣል፤ ልጁም በሐሰተኛ ማስመሪያ መለካት ይማራል። ማስመሪያ ከእጁ የማይለይ ጀማሪ ነው ይህን የሚይዘው።

ኩብም አለ። 5 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው ኩብ ሲዘረጋ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስቀል ነው። ከ14ቱ ውጫዊ ጠርዞች ሙጫ የሚቀባ ከንፈር የሚያስፈልጋቸው 7ቱ ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ላይ የሣለ ሰው ሲገጥም ከንፈር ከከንፈር ይጋጭበታል። በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ደግሞ ከመታጠፉ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ካልተሰመረ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ከእጅ በቀር ይህን የሚነግር የለም።

የኮምፒውተር ወገን፦ ወዳጄ፣ ማስመሪያውን ተቀብያለሁ፤ ከመጀመሪያው ህትመት ጋር ይምጣ። ፊደሉን ግን ለእጅ አልተውም። ሊ እና ሌ የሚለዩት እግር ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ነው፤ ፊደሉ ደቅቆና ወፍሮ ሲታተም የሌ ቀለበት ይደፈናል፣ ማንበብ የሚጀምር ልጅም ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። በእጅ የጻፈ ተማሪ ይህን አያገኘውም፤ እጁ ቀለበቱን ሁልጊዜ ከፍቶ ይጽፋልና። አንዱን ቃል በ12፣ በ18 እና በ24 ነጥብ የፊደል መጠን፣ በቀጭንና በወፍራም ቅርጽ ደርድሮ በ100 በመቶ ልክ ያትመው፤ ከዚያ ልጅ በሚያነብበት ርቀት ላይ ያስቀምጠው። የእኔ ተማሪ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ይህ ነው።